ጆናታን ፕራይስ «ኢንጂነሩን» መጫወት ነበረበት?

ጠያቂው፦
ዌልሳዊው ጆናታን ፕራይስ በመድረክም በፊልምም ያልሞከረው ዓይነት ሰው የለም ማለት ይቻላል። በ1980 በለንደኑ ሮያል ኮርት ቴአትር ቤት ሐምሌት፣ በ1996 የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት ሁዋን ፔሮን፣ በ2019 የሮማው ጳጳስ ፍራንሲስ ሆኗል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሚያከራክረው በ1989 ለንደን ላይ የተከፈተው ሙዚቃዊ ተውኔት «ሚስ ሳይጎን» ነው። ኢንጂነር የሚባለውን ከፊል ቬትናማዊ ገጸ ባሕርይ ሲጫወት ቆዳውን ጠይም ቀለም ተቀብቶ፣ በዓይኑ ቆብ ላይ ልጣፍ አድርጎ ነበር። ተውኔቱ ወደ ብሮድዌይ፣ ወደ ኒው ዮርክ ታላላቅ ቴአትር ቤቶች፣ ሊሻገር ሲል፣ በነሐሴ 1990፣ የአሜሪካ የመድረክ ተዋንያን ማኅበር ነጭ ተዋናይ ይህን ሚና አይጫወትም ብሎ ፕራይስን ከለከለው። ፕሮዲዩሰሩ ካሜሮን ማኪንቶሽ ዝግጅቱን እንዳለ ሰረዘ። ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ ውሳኔውን አጠፈ፤ ፕራይስም በ1991 የብሮድዌይን ታላቅ ሽልማት፣ ቶኒን፣ ወሰደበት። ማን ነበር ትክክል?

ከአዲስ አበባ፦
ተዋናይ የራሱን ዘር ብቻ ይጫወት ከተባለ ትወና የሚባል ሙያ ቀረ። በዚያ «ሐምሌት» የሐምሌትን ሟች አባት መንፈስ የሚጫወት ሌላ ሰው አልነበረም፤ የሟቹ ቃል ከራሱ ከፕራይስ ሆድ እየተጎተተ፣ ሰውነቱን እያንቀጠቀጠ ነበር የሚወጣው። እንዲህ ያለውን ሰው በትውልዱ ልከለክለው? እኛስ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመውን «ኦቴሎ» ስናሳይ ቬኒሳዊውን ኢያጎን የሚጫወተው አበሻ አይደለም?

ከለንደን፦
ወንድሜ፣ ስለ ሐምሌቱ ልክ ነህ። የኢያጎ ምሳሌህ ግን አይያዝልህም። አዲስ አበባ ላይ ቴአትር ቤቱ ደጃፍ ሥራ ፍለጋ የቆመ ቬኒሳዊ አልነበረም። ኒው ዮርክ ላይ ግን እስያውያን ተዋንያን ቆመው ነበር። ጸሐፌ ተውኔቱ ዴቪድ ሄንሪ ህዋንግና ተዋናዩ ቢ. ዲ. ዎንግ የጮኹት ለዚህ ነው። ሐምሌትን እንዳይጫወቱ መልካቸው ተቆጥሮባቸው፣ መልካቸውን የሚጠይቅ ትልቅ ሚና ሲመጣ ደግሞ ለሌላው ከተሰጠ፣ ምን ቀረላቸው?

እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ልጣፍ ነው። የሰውን ዓይን ቅርጽ እንደ ባርኔጣ ማጥለቅ! ፕራይስ ብሮድዌይ ላይ ያለ ልጣፉ ነው የተጫወተው፤ ሽልማቱም አልቀረበትም። ችሎታው በድምፁና በእጆቹ ውስጥ ከነበረ መጀመሪያውኑ ለምን አስፈለገ?

ከአዲስ አበባ፦
ስለ ልጣፉ ተረትቻለሁ፣ እህቴ፤ ያ ስድብ ነው። ስለ እገዳው ግን አልመለስም። ስረዛው ቢጸና ኖሮ በዚያ ዝግጅት ሥራ ያገኙ እስያውያን ሁሉ ባዶ እጃቸውን ይቀሩ ነበር። ፊሊፒናዊቷ ሊያ ሳሎንጋም በዚያው ተውኔት በ1991 ቶኒዋን ባላገኘች። በ2019ኙ ፊልምም ሁለቱን ጳጳሳት፣ ጀርመናዊውንና አርጀንቲናዊውን፣ የተጫወቱት ፕራይስና አንቶኒ ሆፕኪንስ ናቸው፤ ሁለቱም ዌልሳውያን። ይህንንም ልታግጂው ነው?

ከለንደን፦
አላግድም። የአርጀንቲናውን ጳጳስ ሲጫወት ዓይኑ ላይ ምንም አልለጠፈም፤ ስፓኒሽ ግን አጥንቷል። ለሰውየው ክብር መስጠት ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ስለ ሥራው ካነሣህ ግን፣ በ1989 ለንደን ላይ ከፕራይስ ጀርባ ከሚዘፍኑት አጃቢዎች መካከል ጆን ጆን ብሪዮነስ የሚባል ወጣት ፊሊፒናዊ ነበር። ተውኔቱ በ2014 ለንደን ላይ እንደገና ሲከፈት ኢንጂነሩን የተጫወተው እሱ ነው። በመካከሉ 25 ዓመት አለ።