የዘንባባዬ የመሀል ቅጠል ተነቅሎ ወጣ፣ ይድን ይሆን?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ስለ ዘንባባ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። የምኖረው ሲያትል ነው፣ ቤታችን ከባህሩ ብዙም አይርቅም፣ ከበረንዳው ፊት ዊንድሚል ፓልም የሚባል የዘንባባ ዓይነት አለን። ይሄ ዘንባባ እስከ -12 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ብርድ ይችላል ይባላል፣ እውነትም እዚሁ ከተማ ከጣሪያ በላይ የወጡ አሉ። የኛው ግን ከዊንተሩ በኋላ መሀሉ ላይ ያለው ገና ያልተዘረጋው ቅጠል ቡናማ ሆነና ቀስ አድርጌ ስስበው ሙልጭ ብሎ ወጣ፣ ከታች በስብሶ ልፍስፍስ ብሏል ሽታውም አያስቀርብም። የዳር ቅጠሎቹ ደግሞ አሁንም አረንጓዴ ናቸው፣ ግራ ያጋባኝ እሱ ነው።

ብርዱ ብቻውን ነው ብዬ አላምንም፣ እዚህ ዊንተር ሙሉ ስለሚዘንብ ውሃው መሀሉ ላይ ይጠራቀምና ሲበርድ እዛው በረዶ ይሆናል። ይሄ ዛፍ የሚያድግበት ቦታ ደግሞ ያው ጫፉ ላይ ያለው አንድ ቡቃያ ነው፣ እሱ ከሞተ ከጎን አያቆጠቁጥም።

አንዱ 3% ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ (ያ ጀርም የሚገድለው ፈሳሽ) አፍስሺበት አለኝ፣ ሌላው የለም ኮፐር (መዳብ) ያለበት የፈንገስ መድሃኒት ነው የሚሻለው ይላል፣ ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል? ወይስ እስኪደርቅ ከላይ ከዝናብ ልከልለው? የሞከራችሁት ካላችሁ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ስንት ወር ፈጀበት? ልጆቼ ለሆሳዕና ቀለበት የሚሰሩት በሱ ቅጠል ነው፣ ቆርጦ መጣሉ በጣም ከብዶኛል። የማይሆን ከሆነም ንገሩኝ፣ እዚህ ዝናብና የባህር ንፋስ የሚችል ሌላ የትኛውን ልትከል?