የቀኝ ደረቴ አላድግ አለኝ፤ ሲሊኮን ላስገባ ወይ?

ጠያቂ (ጎንደር፣ ፒያሳ)፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። 26 ዓመቴ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ጂም ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ግራ ደረቴ ጥሩ ወጥቷል፣ ቀኙ ግን እንደ ጣውላ ዝርግ ነው። ልጅ እያለሁም እንዲሁ ነበር፣ ያኔ ብዙም ልብ አላልኩትም። አሁን ልዩነቱ በቲሸርት ላይ ሳይቀር ይታያል።

ዘንድሮ ለጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ሄድን። ውሃው እንደተባረከ ጓደኞቼ ልብሳቸውን ጥለው ዘለሉ። እኔ የሁሉንም ልብስና ጫማ ታቅፌ ዳር ላይ ቀረሁ። "ና እንጂ!" ሲሉኝ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። በየዓመቱ የምለው ይህንኑ ነው።

ቲክቶክ ላይ ወንዶች ደረታቸው ውስጥ ሲሊኮን ሲያስገቡ አየሁ። የጂም አሠልጣኜ ደግሞ "ቤንች (ተኝቶ ብረት መግፋት) ጨምር፣ ይመጣል" ይለኛል። ነገሩ ምንድን ነው? አደጋ አለው? እዚህ አገር ይሠራል? ገንዘብ እያጠራቀምኩ ስለሆነ የምታውቁ በቅንነት ንገሩኝ።

ጂም የሚያሠራ (ማራኪ)፦
ወንድሜ፣ ሁለቱ ጎን ትንሽ ቢበላለጥ የተለመደ ነው። በአንድ እጅ በሚነሳ ዳምቤል ይስተካከላል። ግን ሦስት ዓመት ሠርተህ አንዱ ጎን ጭራሽ ካልነቃ ነገሩ የኪሎ ጉዳይ አይመስለኝም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ስቴሮይድ አትንካ። የሌለ ጡንቻ አያበቅልም፣ ጭራሽ ወንድ ላይ ጡት ያወጣል። ጡንቻ ውስጥ ዘይት የሚወጉ ልጆችም አሉ። መግል ይዞ፣ ሥጋው ሞቶ ተቆርጦ የሚወጣበት ጊዜ አለ። እባክህ!

ሐኪም (ቀዶ ሕክምና)፦
ሁለት ነገር አይተህ ንገረኝ። መስታወት ፊት ቆመህ ሁለት እጅህን ወገብህ ላይ አድርግና ወደ ውስጥ አጥብቀህ ተጫን። በግራ በኩል ከብብትህ ፊት ወፍራም ጡንቻ ይወጠራል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ትይዘዋለህ። በቀኙስ የሚያዝ ነገር አለ? ሁለተኛው፣ መዳፎችህን ግጠማቸው። የቀኝ ጣቶችህ ከግራዎቹ እኩል ናቸው?

ጠያቂ፦
ዶክተር፣ በቀኝ በኩል የሚያዝ ነገር የለም፣ ቆዳ ብቻ ነው። ጣቶቼም እኩል አይደሉም! የቀኙ መሃል ጣቶች አጠር ይላሉ። መቀስ ስይዝ ይሰማኝ ነበር፣ ከደረቴ ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም።

ሐኪም፦
በአካል ሳላይህ እርግጠኛ መሆን አልችልም። ነገር ግን ፖላንድ ሲንድረም የሚባለውን በጣም ይመስላል። ፖላንድ የአገሩ ስም አይደለም። በፈረንጆቹ 1841 ለንደን ላይ ስለዚህ ችግር የጻፈው የአልፍሬድ ፖላንድ ስም ነው። ሰው ሲወለድ ጀምሮ ትልቁ የደረት ጡንቻ በከፊል ወይም በሙሉ ይጎድላል። አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ነው፣ ወንዶች ላይም ይበዛል። የእጅ ጣት ማጠርም አብሮት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ስንፍና አይደለም፣ ጥፋትም የለብህም። የሌለ ጡንቻ በቤንች አይመጣም።

ወደ ሲሊኮኑ ስንመጣ፣ የወንድ ደረት ኢምፕላንት (ውስጥ የሚገባው ሲሊኮን) እንደ ሴቶቹ ጄል የተሞላ ከረጢት አይደለም። ጠጣርና ለስላሳ ሲሊኮን ስለሆነ አይፈስም። በሙሉ ማደንዘዣ፣ በብብት በኩል ተቀዶ ከትልቁ የደረት ጡንቻ ሥር ይገባል። ያንተ ችግር እዚህ ላይ ነው። ከላይ የሚሸፍነው ጡንቻ ከሌለ ጠርዙ በቆዳ ሥር ያስታውቃል። ለእንዳንተ ዓይነቱ በሲቲ ስካን ተለክቶ ልክህን ይዞ የሚሠራ አለ። ከሆድ ወይም ከጭን ስብ ወስዶ መሙላትም አለ። የጀርባን ሰፊ ጡንቻ አዙሮ ወደ ፊት ማምጣትም ይቻላል፣ ግን ያ ጡንቻ ራሱ አንዳንዴ አብሮ ስለሚጎድል አስቀድሞ መታየት አለበት። መልክ ይሰጥሃል እንጂ ሲሊኮን ጉልበት አይሰጥም።

ምርመራውን እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጀምር። አዲስ አበባ ደግሞ የካቲት 12 ሆስፒታል የፕላስቲክ ሰርጀሪ ክፍል አለ። ሪፈር አጽፈህ ሂድ።

ውጭ ያሠራ (አዘዞ)፦
እኔ ኢስታንቡል ሄጄ ነው ያሠራሁት። ሁለቱንም ጎን፣ ለመልክ ብዬ። አሁን ደህና ነኝ። ግን የደረሰብኝን ልንገርህ። በአምስተኛው ቀን ድሬኑን (ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣውን ቱቦ) አውጥተው አሳፈሩኝ። ጎንደር በገባሁ በሳምንቱ ግራው አበጠ። ስነካው እንደ ውሃ ኮዳ ይንቦጫረቃል። የሠራው ሐኪም በስልክ "በበረዶ ያዘው" ይላል። እዚህ ያሳየኋቸው ደግሞ የምን ዓይነት ኢምፕላንት እንደሆነ ሳያውቁ መርፌ ማስገባት ፈሩ። እውነታቸውን ነው፣ በእጄ አንድ ወረቀት አልነበረኝም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ፈሳሹ ሁለት ጊዜ በመርፌ ተቀዳልኝ። የትም ብታሠራ የኢምፕላንቱን ካርድና የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ ሳትቀበል አትውጣ። የመመለሻ ቀንህንም አታጣድፈው።

ነርስ (ቀዶ ጥገና ክፍል)፦
ወንድምዓለም፣ ፀጉር አስተካካይ ነኝ ማለትህን ማንም ልብ ያለው አልመሰለኝም። ቁስሉ ብብት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ክንድህን ከፍ አድርገህ ቆመህ ነው የምትሠራው። ከባድ ማንሳትና ክንድ መዘርጋት ለሳምንታት ይከለከላል፣ ደረት የሚያሠራ እንቅስቃሴማ ከዚያም በላይ ይቆያል። የምታጠራቅመው ለሐኪሙ ብቻ ከሆነ ያለ ገቢ የምትቀመጥበትን ጊዜ ረስተሃል። የቤት ኪራዩን ደምርበት። ሲጋራ ካለህም ቀደም ብለህ አቁም፣ ቁስል አያሽርም። ከተሠራህ በኋላ ትኩሳት፣ መቅላት ወይም ባንዱ ጎን ድንገት ማበጥ ካየህ አትጠብቅ፣ ያኑ ዕለት ሂድ። ኢንፌክሽን ከገባ ሲሊኮኑ መውጣት ሊኖርበት ይችላል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ቡና ላይ ለእናቴ ነገርኳት። ቀኝ እጄን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከግራዎቹ ጋር አስተያየቻቸው። "ስትወለድ አይቼው ነበር፣ ይብስብሃል ብዬ ነው ዝም ያልኩ" አለችኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ሰኞ ካርድ አወጣለሁ። ሲሊኮኑን ገና አልወሰንኩም፣ መጀመሪያ ያለኝንና የሌለኝን ልወቅ። ዶክተር፣ ለአዲስ አበባው ምን ይዤ ልሂድ?

ሐኪም፦
ሪፈሩን፣ የሲቲውን ውጤትና ሲዲውን። ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፣ የሚያይህ ሐኪም ምስሉን ራሱ ማየት አለበት። የጀርባህ ጡንቻም አብሮ እንዲታይ ንገራቸው።