የ0.1 በመቶው ወለድ ለምን ተሸነፈ? የጃካርታ–ባንዱንግ ባቡር ክርክር

ጥያቄው፦ ኢንዶኔዥያ በ2015 የጃካርታ–ባንዱንግን ፈጣን ባቡር ለጃፓን ነስታ ለቻይና ሰጠች። ልክ ነበረች ወይስ ተሸወደች? (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሒሳብ ሹሙ፦ ተሸወደች። የጃፓን ወለድ 0.1 በመቶ፣ የቻይና 2 በመቶ። የሁለቱም መክፈያ 40 ዓመት፣ የእፎይታ ጊዜው (ዋናው ዕዳ የማይከፈልበት) 10 ዓመት። የመስመሩን ጥናትም ቀድማ የሠራችው ጃፓን ናት። ሃያ እጥፍ ወለድ መርጦ አተረፍኩ ማለት የምን ሒሳብ ነው?

ሀዲድ፦ ሹሙ፣ ዋናውን ዘለልከው። ጃፓን የመንግሥት ዋስትና ጠየቀች፤ ቻይና ዋስትናም የበጀት ገንዘብም አልፈልግም አለች። ስለዚህ ኬሲአይሲ የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ፤ 60 በመቶው የኢንዶኔዥያ መንግሥት የልማት ድርጅቶች፣ 40 በመቶው የቻይናዎቹ። ከወጪው 75 በመቶውን የቻይና ልማት ባንክ አበደረ። የያኔው የኢንዶኔዥያ ፕሬዚዳንት ጆኮዊ የፈለጉት ርካሽ ወለድ ሳይሆን ዕዳው በመንግሥት መዝገብ ላይ እንዳይሰፍር ነው።

ሒሳብ ሹሙ፦ ሰፈረ እኮ! በ2021 የወጣው ፕሬዚዳንታዊ ደንብ ቁጥር 93 የመንግሥት በጀት እንዲገባበት ፈቀደ። በፊት ለፊት የተባረረው ዋስትና በጓሮ በር ተመለሰ። የልማት ድርጅት ሲከስር ማን ሊሸከመው ኖሯል?

እመቤት፦ ሁለታችሁም ከባንክ ቤት አልወጣችሁም። ገንዘቡን የበላው መሬቱ ነው። 142 ኪሎ ሜትር ውስጥ 13 ዋሻ አለ። ዋሻ ቁጥር 2 ያለበት ሸክላማ አለት ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል፤ እንዲህ ያለው ሲቆፈር ፊት ለፊቱ ይናዳል። መጀመሪያ ሲሚንቶ እየተወጋ መጠንከር አለበት፣ ከዚያ ትንሽ ተቆፍሮ ወዲያው ይደገፋል፣ እንደገና ይወጋል። የመሬት ካሳውም ተጓተተ። በ2019 ያልቃል የተባለው በጥቅምት 2023 ሥራ ጀመረ፤ ወጪው 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጨምሮ 7.2 ቢሊዮን ደረሰ። ለጭማሪው የተወሰደው ብድር ወለዱ 3.4 በመቶ ነው። ጃፓን ብትቆፍረውስ ሸክላው ያው ሸክላ አይደል?

ሒሳብ ሹሙ፦ እመቤት፣ የጃካርታን ሜትሮ አትርሺ። 15.7 ኪሎ ሜትር፣ 13 ጣቢያ፣ በጃፓን ብድር ተሠርቶ መጋቢት 2019 ተከፈተ፤ ከፊሉም ከመሬት በታች ነው።

ሀዲድ፦ ጥሩ ሥራ ነው፣ አልክድም። ግን የዚያ ዓይነት የጃፓን ብድር ቢያንስ 30 በመቶውን ግዢ ከጃፓን አድርግ ይላል። ወለዱ ላይ የቀረልህን ዋጋው ላይ ትከፍለዋለህ። ደግሞ ሕንድን እይ፤ ሙምባይ–አህመዳባድ 508 ኪሎ ሜትር፣ 0.1 በመቶ፣ 50 ዓመት፣ 15 ዓመት እፎይታ። በመስከረም 2017 ተጀምሮ በ2025 መጨረሻም አንድ ተሳፋሪ አላጓጓዘም። እዚያም መሬት ነው የያዘው።

ሒሳብ ሹሙ፦ እሺ፣ ምንዛሪውስ? ትኬት የሚሸጠው በኢንዶኔዥያ ገንዘብ፣ በሩፒያ ነው። በ2015 አንድ ዶላር 14 ሺህ ሩፒያ አካባቢ ነበር፣ በ2024 ወደ 16 ሺህ ተጠጋ። የጃፓኑ የን ግን በዚያው ጊዜ ይበልጥ ረከሰ፤ አንድ ዶላር ከ120 የን ገደማ ወደ 150 ደረሰ። በየን ቢበደሩ ኖሮ ዕዳው በሩፒያ ሲቆጠር ይቀል ነበር።

ሀዲድ፦ ይህ ዕድል እንጂ ብልሃት አይደለም፤ በ2015 ማን አውቆት? የን ቢወጣ ተቃራኒውን ትጽፍልን ነበር።

ሒሳብ ሹሙ፦ የወለዱን ግን ማንም ያውቀው ነበር። ዋናው ብድር ወደ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ በ2 በመቶ ወለዱ ብቻ በዓመት 90 ሚሊዮን። በ0.1 በመቶ 4.5 ሚሊዮን። ከቻይና የተበደርነው የእኛም የጅቡቲ ባቡር ብድር ከ10 ወደ 30 ዓመት የተራዘመው በ2018 ነው፤ ቻይና ጊዜ ትጨምራለች እንጂ ዕዳውን በቀላሉ አትሰርዝም።

እመቤት፦ 90ውን ሚሊዮን የሚከፍለው ተሳፋሪ ነው፤ እሱ የሚወርድበትን ደግሞ ማንም አላነሳም። መነሻው ሃሊም ጣቢያ ጃካርታ መሐል አይደለም፤ መድረሻው ተጋልዋርም ከባንዱንግ ውጭ ነው። ባንዱንግ መሐል መግባት የፈለገ ቀደም ብሎ ፓዳላራንግ ጣቢያ ወርዶ ሌላ ባቡር ይሳፈራል። በ350 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያተረፈውን ደቂቃ እዚያ ቆሞ ይመልሰዋል።