ካሜራውን ሳነሳ ፊታቸው ይለወጣል

መንገድ ላይ የማላውቃቸውን ሰዎች እያስፈቀድኩ ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ካሜራዬ ፉል ፍሬም (ምስል የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) ነው። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 2.8፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/250 ሰከንድ ላይ አድርጌ ጥላ ውስጥ አነሳለሁ። ፎከስም ብርሃንም አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ ፊታቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ጃንጥላ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አጠገብ ቁጭ ብዬ ሃያ ደቂቃ ያህል አወራን። ሽቦውን በፒንሳ እየጠመዘዙ፣ በራሳቸው ቀልድ እየሳቁ ያጫውቱኝ ነበር። "አንድ ፎቶ ላንሳዎት?" ስላቸው "ምን ገዶኝ!" አሉ። ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ ግን ፒንሳውን አስቀመጡ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ፣ ለጉርድ ፎቶ እንደተቀመጠ ሰው ድርቅ አሉ። ቅድም ሲስቁ የነበሩት ሰው የሉም።

አቅርቦ በሚያሳየው በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሞከርኩ፤ ለግማሽ አካል እንኳ ሁለት ሜትር ያህል ስለሚያርቀኝ ወሬው ይቋረጣል። ሰፋ አድርጎ በሚያሳየው በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፊት ለፊት ስጠጋ ደግሞ አፍንጫ ይገንናል። በተከታታይ ሃያ ፍሬም አነሳሁ፤ ሃያውም ያው ደረቅ ፊት። "ዘና ይበሉ" ማለትማ ጭራሽ ያባብሰዋል። ሳላስፈቅድም ሁለቴ አንስቼ ነበር፤ ፎቶዎቹ ቢያምሩም የሰረቅኩ ስለመሰለኝ አጠፋኋቸው።

እናንተ ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ፣ ካሜራው ተነስቶ ቁልፉ እስኪጫን ባለችው ቅጽበት ጨዋታው እንዳይቋረጥ ምን ትላላችሁ፣ ምንስ ታደርጋላችሁ?