ሰባተኛው ምዕራፍ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

አራት ዓመት የደከምሁበት ባለ 280 ገጽ ልብ ወለድ በእጄ አለ። ዋናው ገጸ ባሕርይ በድብቅ የሚጠጣ፣ ሚስቱን የሚደበድብ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ረቂቁን ለሦስት የክርስቲያን መጻሕፍት አሳታሚዎች ሰጠሁ። ሁለቱ «አንባቢያችን ይሰናከላል» ብለው መለሱልኝ። ሦስተኛው ለማተም ፈቃደኛ ነው፤ ነገር ግን ድብደባው የሚታይበት ሰባተኛው ምዕራፍ እንዲወጣ ይፈልጋል።

ማለዘብን ሞክሬአለሁ። ስድቡን ቀነስሁ፤ ድብደባውንም ከተዘጋ በር ጀርባ አደረግሁት። ካነበቡልኝ አምስት ሰዎች አራቱ ሚስትየው ቤቷን ጥላ የሄደችበት ምክንያት አልገባቸውም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው፤ ስቃይዋ ካልታየ በመጨረሻ የምትሰጠው ይቅርታ ዋጋ ያጣል። መጽሐፍ ቅዱስ እኮ የዳዊትን ዝሙትና የኦርዮንን መገደል በ2ኛ ሳሙኤል 11 በግልጽ ይተርካል፤ በመሳፍንት 19 በሌዋዊው ቁባት ላይ የደረሰውንም አይሸፍንም።

የአሳታሚውንም ስጋት እረዳለሁ፤ መጻሕፍቱን የሚሸጠው በአብያተ ክርስቲያናት በኩል ስለሆነ አንድ ቅሬታ ሌሎቹን መጻሕፍት ጭምር ከመደርደሪያ ሊያስወርድበት ይችላል። በራሴ ላሳትም ብል ደግሞ የኅትመቱ ወጪና ስርጭቱ በእኔ ላይ ይወድቃል።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያሳተማችሁ ወይም አርትዖት የሠራችሁ ካላችሁ፣ ምዕራፉ ሳይወጣ አሳታሚውን ለማሳመን ምን ዓይነት ለውጥ ወይም ማስረጃ ይዤ ልቅረብ?