ካርቦን ዶቱ በውሃ ውስጥ ይደምቃል፣ ቺፕ ላይ ሲደርቅ ይጠፋል

ጥያቄ፦
ካርቦን ዶት (ብርሃን ሲያርፍበት በሌላ ቀለም የሚያበራ እጅግ ደቃቅ የካርቦን ቅንጣት) ለመሥራት 1.05 ግራም ሲትሪክ አሲድ ሞኖሃይድሬት በ10 ሚሊሊትር ውሃ አሟሙቼ፣ 335 ማይክሮሊትር ኤቲሊንዳያሚን ጨምሬ፣ ውስጡ ቴፍሎን በሆነ ኦቶክሌቭ (ግፊት በሚቋቋም ዝግ ዕቃ) በ200 ዲግሪ ለ5 ሰዓት አቆየሁት። ቡናማ ፈሳሽ ወጣ፤ በ365 ናኖሜትር መብራት ሲታይ ደማቅ ሰማያዊ ነው። በ450 ናኖሜትር ኤልኢዲ ቺፕ ላይ ጠብ አድርጌ ሳደርቀው ግን ቡናማ ቅርፊት ብቻ ይቀራል። የምፈልገው ነጭ ብርሃን ነው። የቱ ጋ ተሳሳትኩ?

መልስ 1፦
ሲደርቅ ዶቶቹ ይጠጋጋሉ፤ አንዱ የተቀበለውን ኃይል ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ መጨረሻው ሙቀት ይሆናል። መፍትሔው ማራራቅ ነው። 1 ግራም ፖሊቫይናይል አልኮል (በውሃ የሚሟሟ ፕላስቲክ) በ10 ሚሊሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ እየነሰነሱ ይበትኑ፣ ከዚያ እያማሰሉ 90 ዲግሪ ያድርሱት። ፍል ውሃ ላይ ከጨመሩት ይጓጉላል። ሲበርድ 5 ሚሊግራም ዶት ይቀላቅሉበትና በ40 ዲግሪ ሌሊቱን ያድርቁት፤ ስስ ፊልም ይሆናል። ከቸኮሉ አረፋ ይይዛል። ዶቱን ሲያበዙ ድምቀቱ ከቀነሰ ልኩን አልፈዋል ማለት ነው።

መልስ 2፦
ፊልሙ ቢሳካም በ450 ቺፕ አይበራም። ይህ ዶት ብርሃን በደንብ የሚመጠው 350 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ የ365 ቺፕ ይያዙ። ሰማያዊ ብቻውን ነጭ ስለማይሰጥ አረንጓዴና ቀይ ያስፈልጋል፦ ኦርቶ-ፌኒሊንዳያሚን አረንጓዴ፣ ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን ቀይ ይሰጣል፤ ሁለቱም በኢታኖል፣ በ180 ዲግሪ፣ 12 ሰዓት። የቀዩ ቀለም እንደ ሟሟው ስለሚለዋወጥ ፊልም ውስጥ ካስገቡት በኋላ እንደገና ይለኩት። ፓራው ቆዳን ክፉኛ ያስቆጣል፤ ያለ ጓንት አይንኩት። ከፊልሙ ሾልኮ የሚያልፈው የ365 ጨረር ለዓይን ብዙም አይታይም፣ ጉዳቱ ግን አይቀርም፤ መከላከያ መነጽር ያድርጉ።

መልስ 3፦
ዳያሊሲስ (ትንንሽ ሞለኪውሎችን በሚያሳልፍ ከረጢት ማጥራት) ሳይሠሩ ፊልም አይጀምሩ። ከ1000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በታች ያለውን ብቻ በሚያሳልፍ ከረጢት አስገብተው ውሃውን እየቀየሩ 1 ወይም 2 ቀን ያቆዩት። የወጣውን ውሃ ከመድፋትዎ በፊት በ365 ይዩት፦ እሱ ከከረጢቱ የበለጠ ካበራ፣ ድምቀቱ በአብዛኛው ከካርቦን ዶቱ ሳይሆን አብሮት ከተፈጠረ ትንሽ ሞለኪውል ነው። ይህ በሲትሪክ አሲድና በኤቲሊንዳያሚን ውህድ ላይ የተለመደ ነው። ኦቶክሌቭዎንም ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሙሉ፤ በራሱ ጊዜ ሳይበርድ አይክፈቱት።

ጠያቂ፦
ከፖሊቫይናይል አልኮል ይልቅ ሲሊኮን ብጠቀምስ? እርጥበት ያሳስበኛል።

መልስ 1፦
ስጋትዎ ልክ ነው፣ ፖሊቫይናይል አልኮል እርጥበት ይስባል። ግን ዶቱን በቀጥታ ሲሊኮን ውስጥ አይጨምሩ፤ ዶቱ ላይ ያለው አሚን (ናይትሮጅን የያዘ የኬሚካል ክፍል) ሲሊኮኑን የሚያጠነክረውን የፕላቲኒየም ካታሊስት ስለሚያከሽፍ ሲሊኮኑ ሳይጠነክር እንደተጣበቀ ይቀራል። ፊልሙን መጀመሪያ በደንብ አድርቀው፣ ሲሊኮኑን ከላይ በስሱ ይቀቡት። መገናኛው ላይ የሚያጣብቅ ነገር ከቀረ፣ በመካከል ቀጭን መስታወት ያስገቡ።