የቀርከሃ ብስክሌት ቴላዮ፦ የእንሰት ቃጫ የካርቦን ፋይበርን ቦታ ይሸፍናል?

ባለ26

ሰላም ለሁላችሁ። ለ26 ኢንች ጎማ የሚሆን የቀርከሃ ቴላዮ፣ ማለትም ጎማ፣ መሪና ኮርቻ የሚገጠሙበትን የብስክሌት አጽም፣ ለመሥራት ዕቃ እያሰባሰብኩ ነው። ያለኝ ከእንጅባራ የመጣ የደጋ ቀርከሃ ነው፤ ስምንት ዘንግ፣ ዲያሜትሩ ከ35 እስከ 60 ሚሊሜትር፣ ከተቆረጠ ሦስት ሳምንቱ። የሚሸከመው 75 ኪሎ ሰውና 15 ኪሎ ዕቃ ነው። መንገዱ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ኮብልስቶን።

ከስምንቱ ሁለቱ ፀሐይ ላይ እንዳሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቁ። ቀሪዎቹን ጥላ ውስጥ ማስገባት ብቻ ይበቃል?

መጋጠሚያውን ለመጠቅለል ካርቦን ፋይበር እንደ ልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። የእንሰት ቃጫ ይተካዋል? ማጣበቂያውንስ ፋይበርግላስ ሠራተኞች ለታንከርና ለመኪና ቦዲ የሚጠቀሙበትን ሬዚን ባደርገው?

የመጨረሻው፣ የፔዳሉን ቤትና የመሪውን ቱቦ ከአሮጌ ብስክሌት ልቁረጥ ወይስ ቶርኖ ቤት ላሠራ?

አንጓ

ከስንጥቁ ልነሳ። ሦስት ሳምንት የሆነው ቀርከሃ ገና እርጥብ ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ጫፉ ከመሃሉ ቀድሞ ይደርቃል፤ የደረቀው ሊሰበሰብ ሲል ያልደረቀው አላስጠጋ ይለዋል፣ ከዚያ በቁመቱ ይተረተራል። ጥላ ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ከታች የምነግርህን የነቀዝ መድኃኒት ጠጥቶ ሲወጣ ጫፎቹን በቀለም ወይም በቀለጠ ሰም ድፈናቸው፤ እያንዳንዱን ቁራጭም ከምትፈልገው ርዝመት በሁለቱም በኩል 10 ሴንቲሜትር አስረዝመህ ተወው፣ ጫፉ ቢሰነጠቅ ቆርጠህ ትጥለዋለህ። የተሰነጠቁት ሁለቱ ለመጋጠሚያ ልምምድ ይሆኑሃል።

ዕድሜውን አይተሃል? አንጓው ሥር ነጭ ዱቄት፣ ገላው ላይ ቅርፊት ያለበት፣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ከሆነ የአንድ ዓመት ለጋ ነው፤ ሲደርቅ ይጨማደዳልና ለቴላዮ አይሆንም። ሦስት ዓመት ያለፈው መልኩ ይደበዝዛል፣ ሽበት የመሰለ ነጠብጣብ ያወጣል፣ በጣት ስትመታው ጥርት ብሎ ይጮኻል። ከምትገዛበት ቦታ ስትመርጥ ደግሞ የወፍራም ዘንግ ጫፍ ከምትወስድ የቀጭን ዘንግ ግርጌ ውሰድ። ዲያሜትሩ አንድ ቢሆንም የግርጌው ግድግዳ ይወፍራል፣ አንጓውም ይቀራረባል። ለታችኛው ሰያፍ ቱቦ 40 እስከ 45 ሚሊሜትር፣ ለኮርቻው ቱቦ 40፣ ለላይኛው 35 ይበቃል። ግድግዳው ከ5 ሚሊሜትር ያነሰውን አትጠቀም። 60 የሆኑት ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ መደርደሪያ ሥራባቸው።

ለኋላው ሹካ ግን የደጋውን ተወው። ከመተከልና ከአሶሳ በኩል የሚመጣው የቆላው፣ ሽመል የሚባለው፣ መሃሉ ድፍን ወይም ወደ ድፍን የተጠጋ ነው። ለዋናው ሦስት ማዕዘን ይከብዳል፤ ከ20 እስከ 24 ሚሊሜትር ለሆነ ቀጭን ዘንግ ግን ከእሱ የሚሻል የለም። ቀስ ብሎ ካልደረቀ ከመሃሉ ስለሚሰነጠቅ ከሌላው የበለጠ ጊዜ ስጠው።

ቀጥሎ ነቀዝ። የሚፈልገው በቀርከሃው ውስጥ ያለውን ስታርች ነው፤ ካልታከመ ቫርኒሹ ሥር ሆኖ ዱቄት ያወርዳል። መጀመሪያ አንጓዎቹን በሙሉ በ10 ወይም በ12 ፌሮ ከውስጥ ብሳ፤ ፌሮውን ሹል አድርገህ በመዶሻ መምታት ይበቃል። ከዚያ በ10 ሊትር ውኃ 300 ግራም ቦራክስና 200 ግራም ቦሪክ አሲድ አሟሟ። ለብ ባለ ውኃ ቶሎ ይሟሟል። በርሜል አያስፈልግም፦ 110 ሚሊሜትር የፍሳሽ ፒቪሲ፣ ቁመቱ 1.30 ሜትር፣ አንድ ጫፉ በክዳን የተደፈነ፣ አቁመህ ሁለት ሁለት ቁራጭ ክተትበት። 11 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ ቀርከሃው ሲገባበት 10 ሊትሩ ይሞላዋል። ከ10 እስከ 14 ቀን ይንከር። ቀርከሃው እርጥብ ሳለ ነው የሚጠጣው፤ ከደረቀ በኋላ ብዙም አይገባበትም። ስለዚህ የአንተ ጊዜው አሁን ነው።

ከዚያ ጥላ ውስጥ ቆሞ ሁለት፣ ሦስት ወር። በየሳምንቱ መዝነህ በራሱ ገላ ላይ ጻፍበት። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል ማለት ነው። በመጨረሻ በጋዝ እሳት ቀስ እያልክ ለብልበው፤ የሚወጣውን ላብ የመሰለ ዘይት በጨርቅ ጥረግ፣ መልኩ ወደ ቡናማ ይዞራል። አንጓው ያልተበሳ ከሆነ ግን እሳት ሲነካው እንደ ጥይት ይፈነዳል፤ መነጽር አድርግ።

ሞርሳ

አንጓ ስለ ዘንጉ የሚባለውን ብሎታል። የቀርከሃ ቴላዮ ግን በዘንጉ መሃል የሚሰበረው ከስንት አንዴ ነው፤ የሚለቀው መጋጠሚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የቀርከሃ ብስክሌት ይሠራ ነበር፣ መገጣጠሚያው ብረት ነበር። ቀርከሃ በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቅ ይሰበሰባል፤ ብረቱ አብሮት አይሄድም። አሁን ያለው አሠራር፣ ማለትም ዘንጉን አጣብቆ መጋጠሚያውን በፋይበርና በኢፖክሲ (ሁለት ዕቃ ተደባልቆ በሚጠና ሙጫ) መጠቅለል፣ በ1990ዎቹ ካሊፎርኒያ ላይ ክሬግ ካልፊ ከሠራቸው ወዲህ የተስፋፋ ነው። ጋናም ውስጥ ይሠራበታል።

ሬዚኑን በተመለከተ መልሱ አይሆንም ነው። የታንከር ሠራተኞች የሚጠቀሙት ፖሊስተር ነው። ሲጠና በይዘት ከ5 እስከ 8 በመቶ ይሰበሰባል፣ ቀርከሃና ብረት ላይም በደንብ አይይዝም። ከላይ ሲታይ ድንጋይ ይመስላል፤ ኮብልስቶን ሲያንቀጠቅጠው እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይለቃል። ዝግ ብሎ የሚጠና ባለሁለት ዕቃ ኢፖክሲ ግዛ፤ ለአንድ ቴላዮ 1 ኪሎ ያዝ። ያቺ በአምስት ደቂቃ የምትጠናዋ ዘንጎቹን ለጊዜው ነጥብ ነጥብ አድርጎ ለማቆም ብቻ ናት። ውሑዱን በሚዛን ለካ እንጂ በዓይን አትገምት። ማጠንከሪያ ማብዛት አያፈጥነውም፣ ለዘላለም ለስላሳ አድርጎት ይቀራል። በአንድ ኩባያ ከ150 ግራም በላይ ካማሰልክ ደግሞ በራሱ ሙቀት ይጨሳል።

የእንሰት ቃጫ ይሠራል። ከካርቦን ይልቅ ስለሚለጠጥ ውፍረቱን ትጨምራለህ፦ ካርቦን 4 ሚሊሜትር በሚበቃው ቦታ ቃጫው 8 ይሁን፣ የፔዳሉ ቤት ላይ 10። ለሙሉ ቴላዮ 400 እስከ 500 ግራም ቃጫ ይበቃል። ረጅሙንና ነጩን ምረጥ፤ የሥጋው ቅሪት ያለበትን በማበጠሪያ አበጥረህ አጽዳ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማድረቁ ላይ ነው። ቃጫ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥብ ቃጫ ኢፖክሲ ውስጥ ሲገባ አረፋ ይሠራል፣ ሙጫውም አይይዘውም። ከመጠቅለልህ በፊት በ70 ዲግሪ አካባቢ ሁለት፣ ሦስት ሰዓት አድርቀህ በፌስታል ዘግተህ አቆየው። ዝናብ ባለበት ቀን ባትነካው ይሻላል።

አጠቃለሉ እንዲህ ነው። የቀርከሃው ላይኛ ቆዳ ሰም አለበትና ኢፖክሲ አይቀበልም፤ መጋጠሚያው የሚያርፍበትን በ60 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር ፈትገህ በአሴቶን ጥረግ፣ ከዚያ በኋላ በእጅህ አትንካው። በቀጭኑ ሙጫ ቀባው። ቃጫውን እንደ እርሳስ ውፍረት እየነጠልክ፣ በሙጫ አርሰህ፣ ትርፉን በጣትህ ጨምቀህ፣ ጎትተህ ጠቅልል። ግማሹ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው ይሻገር፣ ግማሹ በዘንጉ ቁመት ይተኛ። ዙሪያውን ብቻ ከጠቀለልክ ፋሻ ነው የሠራኸው፤ ዘንጉ ሲጎተት ይወጣል። በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ቢያንስ 6 ሴንቲሜትር ይሂድ፣ መጨረሻውም እየሳሳ ይለቅ። በድንገት የሚያልቅ ወፍራም ጠርዝ ካለ ቀርከሃው የሚሰነጠቀው እዚያው ጠርዝ ሥር ነው።

ቃጫ ይነፋል፣ ስለዚህ መጨመቅ አለበት። ላዩን ፌስታል አልብሰህ በመርፌ ብሳሳው፣ ከዚያ በአሮጌ ካላማዳሪያ ቁራጭ አጥብቀህ እሰረው፤ ትርፉ ሙጫ በቀዳዳው ይወጣል። ሥራውን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ጀምር፣ ጠዋት አይደለም። ሙቀቱ እየወረደ ሲሄድ በቀርከሃው ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው አየር ይሰበሰባል፣ ሙጫውንም ወደ ውስጥ ይስበዋል። ጠዋት ሙቀቱ ሲጨምር ግን አየሩ ወደ ውጭ ይገፋል፣ መጋጠሚያህ አረፋ በአረፋ ይሆናል። በማግሥቱ ሁለተኛ ዙር ከመደረብህ በፊት ላዩ ላይ የሚቀረውን ሰም የመሰለ ላብ በውኃ አጥበህ ፈትገው።

ካላማዳሪያ

በብረቱ በኩል ቶርኖ ቤት አትድከም። ቀጥ ያለ አሮጌ የብረት ብስክሌት ግዛ፣ ሹካው ያልተጣመመ። የፔዳሉን ቤት፣ የመሪውን ቱቦና የኋላ ጎማ መያዣ ላሜራዎቹን ከነጉቶአቸው ቁረጥ፤ ጉቶው ከ4 ሴንቲሜትር አይነስ። ሒሳቡ በራሱ ይገጥማል፦ የአብዛኛው ብረት ቴላዮ የኮርቻ ቱቦ ውጩ 28.6 ሚሊሜትር ነው። ውጩ 40፣ ግድግዳው 5 የሆነ ቀርከሃ ውስጡ 30 ይሆናል። ጉቶው ላይ ሲሰካ ዙሪያውን 0.7 ሚሊሜትር ለሙጫ ይተርፋል። ቀርከሃው ፍጹም ክብ ስለማይሆን ውስጡን በሞረድ አስተካክል። ሰያፉ ጉቶ ሊወፍር ይችላልና ለካው። ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ብረቱ ፈትገህ፣ ጉቶው ላይ አራት፣ አምስት ባለ5 ሚሊሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ ብሳ፤ ሙጫው ገብቶ እንደ ምስማር ይይዛል። ብየዳ ካለ ከሙጫው በፊት ይለቅ። ከመጣበቁም በፊት የፔዳሉን ኩባያዎች ግራሶ ቀብተህ አስገባቸው፣ አለዚያ ጥርሱ በኢፖክሲ ይሞላል። ስትፈታቸው የቀኙ ኩባያ በብዙዎቹ ላይ ተቃራኒ ጥርስ መሆኑን አትርሳ፤ ብዙ የፔዳል ቤት ያበላሸችው እሷ ናት።

የኮርቻውን ዘንግ በቀጥታ ቀርከሃ ውስጥ አታስገባ። ስትጠብቀው ይሰነጥቀዋል። ከዚያው አሮጌ ቴላዮ 15 ሴንቲሜትር የኮርቻ ቱቦ ከነማጥበቂያው ቁረጥና ውስጥ ለውስጥ ይለጠፍ፤ የታችኛው ጫፉ ከላይኛው ቱቦ መጋጠሚያ በታች ይድረስ።

የፊት ሹካውን ግን የብረቱን እንዳለ ተጠቀም። ሌላው ሲሰነጠቅ ቆመህ ታየዋለህ፣ የፊት ሹካ ሲሰበር ግን ማየት የለም፣ በፊትህ ነው የምትወድቀው። ጋሼ ሞርሳ በዚህ የሚስማሙ ይመስለኛል።

ሞርሳ

መቶ በመቶ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አሮጌውን ቴላዮ ከመቁረጥህ በፊት በ18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ አስተኝተህ ዙሪያውን በእርሳስ ቅዳው። ማዕዘን ማስላት ቀረልህ። ብረቶቹን በዚያ ሥዕል ላይ በቡሎን አስረህ ነው ቀርከሃውን የምትቆርጠው። አንጓ ከመጋጠሚያው 3 ሴንቲሜትር አካባቢ ላይ እንዲውል አድርገህ ቁረጥ፣ ዘንጉ እንዳይደፈጠጥ ያግዛል። በአምስት ደቂቃዋ ሙጫና በቀርከሃ ዱቄት ነጥብ ነጥቡን ካቆምክ በኋላ፣ ቃጫ ሳትነካ፣ በሲባጎ ፈትሽ፦ ከግራው የጎማ መያዣ ጀምረህ በመሪው ቱቦ ዙሪያ አዙረህ ወደ ቀኙ መያዣ መልሰው፤ ከሲባጎው እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለው ርቀት በግራና በቀኝ ከ1 ሚሊሜትር በላይ መለያየት የለበትም። አሁን ከሆነ ሰብረህ ታስተካክለዋለህ። ከተጠቀለለ በኋላ መላ የለውም።

ባለ26

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፖሊስተሩን ልገዛ ነበር፣ ተረፍኩ። ሁለት ነገር ብቻ፦ ፀሐይ ላይ ሲቆም ሙጫው ይለሰልሳል የሚባለው እውነት ነው? ከተሠራ በኋላስ በምን ልፈትሸው?

አንጓ

እውነት ነው። በክፍል ሙቀት ብቻ የተጠና ኢፖክሲ 50 እና 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፤ ጥቁር የተቀባ መጋጠሚያ ቆላ ፀሐይ ላይ እዚያ ሊደርስ ይችላል። መጋጠሚያውን ጥቁር አትቀባ። አንድ ሳምንት ከቆየ በኋላም ካርቶን ውስጥ ከሁለት የድሮው ዓይነት፣ ሽቦው ከሚግለው አምፖል ጋር አስገብተህ 50 ዲግሪ አካባቢ ለስምንት ሰዓት ያህል አቆየው፤ የሚችለው ሙቀት ከፍ ይላል። ካርቶኑ አምፖሉን እንዳይነካ፣ አንተም ከአጠገቡ አትራቅ። በላዩ ፀሐይ የሚቋቋም ቫርኒሽ ሁለት እጅ፤ የተቆረጡ ጫፎችና ቀዳዳዎች በሙሉ ይደፈኑ፣ ውኃ የሚገባው በእነሱ ነው።

ለመፈተሽ ሳንቲም ይበቃል። መጋጠሚያውን ዙሪያውን ቀስ እያልክ ምታ፤ ጥርት ያለው ድምፅ ድንገት ከደነቆረ ሥሩ ባዶ ነው። የጠቀለልከው ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ከታየ መልቀቅ ጀምሯል ማለት ነው፣ አትጋልበው። ዘንጉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ቢወጣ አያስደነግጥህም፦ ቀጭን ኢፖክሲ አስጠጥተህ፣ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ሁለት ሁለት ሴንቲሜትር ቃጫ ጠቅልልበት። አንጓ ተሻግሮ መጋጠሚያ ውስጥ ከገባ ግን ዘንጉ መለወጥ አለበት። የመጀመሪያውን ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ እየው።

ካላማዳሪያ

ሳይጣበቅ በፊት የኋላውን ጎማ አስገብተህ ለካ። የብረት ሹካ ለጎማው ቦታ እንዲሰጥ ተደፍጥጦ ይመጣል፣ ቀርከሃ አይደፈጠጥም። 44 ሚሊሜትር ጎማ በየጎኑ 6 ሲተውለት በሹካዎቹ መካከል 56 ይፈልጋል፤ 24 ሚሊሜትር ዘንግ ከዚያ ውጭ ሲጨመር የፔዳሉን ጥርስና ክንድ ሊነካ ይችላል። ባለ42 ጥርሱ ዲያሜትሩ 17 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ከፔዳሉ መሃል 8.5 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ይደርሳል፤ እዚያ ላይ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር ክፍተት ይኑር። አንሶ ከተገኘ ሽመሉን በውስጥ ጎኑ 2 ሚሊሜትር ያህል ላገው። ድፍን ስለሆነ ይችላል፤ የደጋውን ግን እንዳትሞክረው።